ካሜራው ቆሞ ይጠብቃል

ማንቸስተር ውስጥ ዲከንሰን ሮድ የሚባል መንገድ አለ። አንዱ ጫፉ ራሽሆልም ነው፤ የምግብ ቤቶቹ መብራት እስከ ሌሊት የሚንቦገቦግበት ሰፈር። ሌላው ጫፉ ሎንግሳይት ይደርሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ወደ ሥራ ተመላልሻለሁ። ቆም ብዬ ያየሁት ግን ባለፈው የብርድ ወራት ነው።

ያስቆሙኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። እኚህ ሴት ጋ በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ምሳቸውን አሞቃለሁ፣ ጊዜ ከተረፈን ቁጭ ብለን እናወራለን። እሳቸው «ላቭ» ይሉኛል፤ የሰሜን እንግሊዝ ሰው ለሁሉም የሚለው ነው። እኔ በሆዴ እማማ እላቸዋለሁ። እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። 87 ዓመታቸው ነው። የተወለዱት በርንሊ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ውስጥ ነው። እናታቸው ሸማኔ ነበሩ።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ያመጣላቸውን ዲቪዲ እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ርዕሱ «ሆሊደይስ ዊዝ ፔይ» ይላል፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት ማለት ነው። የተሠራው በ1948 ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንድ ቤተሰብ ለዕረፍት ብላክፑል ወደሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ይሄዳል። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። አባትየው ያያቸውን ሁሉ ያበላሻል። እናትየው ወፍራምና ደስተኛ ናት። መሃል ላይ አንድ ሰው ይቆምና ይዘፍናል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ታሪኩ ይቆማል።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ አልወደድኩትም። ቀልዱ አልገባኝም። አነጋገራቸው ላንካሽር የሚባለው የሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ አካባቢ ነው፤ እንግሊዝኛ እንኳ አይመስልም። ከሁሉም የከበደኝ ካሜራው ነበር። አይንቀሳቀስም። አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሁለት ሦስት ሰዎች ፊቱ ሲጨቃጨቁ ዝም ብሎ ያያል።

«ካሜራው ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው?» አልኳቸው።

«የት እንዲሄድ ፈልገሽ ነው፣ ላቭ?» አሉኝ። «ሰውየው እኮ እዚያ ነው ያለው።»

ከዚያም ፊልሙ የተሠራው እዚሁ፣ ዲከንሰን ሮድ ላይ እንደሆነ ነገሩኝ። አላመንኩም። ሌሊት ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እስካሁን አላቆምኩም።

ፊልሙን የሠራው ሰው ጆን ብሌክሊ ይባላል። የማንቸስተር ልጅ ነው። ፊልም በማከራየት ንግድ ውስጥ ያደገ ሰው ስለሆነ የሰሜኑ ሲኒማ ቤቶች ምን እንደሚሸጡ ያውቃል። ኩባንያውን ማንኩኒያን ፊልም አለው፤ የማንቸስተር ሰው እንደማለት። በ1934 ጆርጅ ፎርምቢ የሚባል የዊጋን ኮሜዲያን ይዞ ፊልም ሠራ። ቀረጻው ለንደን ውስጥ፣ ከጋራዥ በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ነበር። ፎርምቢ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ እጅግ ከሚፈለጉት የፊልም ኮሜዲያኖች አንዱ ሆነ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወሰዱት። ብሌክሊ ግን በያዘው መንገድ ቀጠለ።

ችግሩ ስቱዲዮ ነበር። ያን ጊዜ የፊልም ሥራ ማለት ለንደንና አካባቢዋ ማለት ነው። የሰሜን ቀልድ ለመቅረጽ የሰሜን ሰዎችን በባቡር ጭኖ ደቡብ መውረድ ግድ ነበር። ስለዚህ ብሌክሊ በ1947 ዲከንሰን ሮድ ላይ የነበረውን አሮጌ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ስቱዲዮ አደረገው። የአካባቢው ሰው «ጆሊዉድ» ብሎ ሰየመው። ለሆሊዉድ የተሰጠ የፍቅር መልስ ይመስለኛል።

ጊዜው ራሱ ሊታወስ ይገባል። እንግሊዝ ጦርነቱን አሸንፋለች፤ ኪሷ ግን ባዶ ነው። ዳቦ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በራሽን አልነበረም። በ1946 ግን በራሽን ሆነ፤ እስከ 1948። ሥጋ እስከ 1954 ድረስ በራሽን ነበር። ለልብስ ኩፖን፣ ለስኳር ደብተር። ሰው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የሚገዛው አልነበረም። ስለዚህ ሲኒማ ይገባል። በ1946 ብቻ 1 ቢሊዮን 635 ሚሊዮን የሲኒማ ቲኬት ተሸጧል። የሕዝቡ ቁጥር ወደ 50 ሚሊዮን ነበር። እያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ በዓመት ከ30 ጊዜ በላይ ሲኒማ ገብቷል ማለት ነው። እማማ ይህን ስነግራቸው አልደነቃቸውም። «ሌላ የት ይሞቃል?» አሉ። 1947 መጀመሪያ ላይ ክፉ ብርድ ነበር፤ የድንጋይ ከሰልም ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መንግሥት ከውጭ በሚገቡ ፊልሞች ላይ 75 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ዶላር እንዳይወጣ ነው። ሆሊዉድም አዲስ ፊልም መላክ አቆመ፤ እስከ መጋቢት 1948። ሲኒማ ቤቶቹ ግን በራቸውን መዝጋት አልቻሉም። የአገር ውስጥ ፊልም ተፈለገ። ብሌክሊ ያን ጊዜ የራሱ ስቱዲዮ ነበረው፤ ርካሽና ፈጣን ሥራም ያውቅበት ነበር።

አሁን ወደ ርዕሱ ልመለስ፤ «ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት» ወደሚለው። ለኛ ተራ ነገር ይመስላል። ለእማማ ቤተሰብ ግን ትልቅ ነገር ነበር። የላንካሽር ፋብሪካዎች በዓመት አንድ ጊዜ ጨርሰው ይዘጋሉ። ዌክስ ይባላል። ከተማው በሙሉ በአንድ ሳምንት ሥራ ያቆማል። ማሽኖቹ ይቆማሉ፣ ጭሱ ይጠፋል፣ ሰዉ በባቡር ብላክፑል ይወርዳል። በየከተማው ሳምንቱ የተለያየ ነው። ስለዚህ ብላክፑል በጋውን ሙሉ አንድ በአንድ ከተሞችን ትቀበላለች። ግን ያ ሳምንት ለብዙ ዘመን ደመወዝ አልነበረውም። ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ማኅበር ውስጥ እያስቀመጠ ነበር የሚጠብቀው። እንደኛ ዕቁብ ዕጣ የለውም፤ ግን መንፈሱ አንድ ነው፤ ብቻውን መቆጠብ የማይችል ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ ይቆጥባል። ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲሆን ሕጉ የወጣው በ1938 ነው። በዓመቱ ጦርነት መጣ። ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ ያንን ሕግ በእጁ የዳሰሰው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ፊልሙ በዚህ ስም ሲወጣ ርዕሱ ራሱ ደስታ ነበር።

እማማ ያኔ አሥር ዓመታቸው ነው። ፊልሙን ያዩት በርንሊ ውስጥ፣ በእናታቸውና በአክስታቸው መሃል ተቀምጠው ነው። ብላክፑል ያረፉበትን ቤትም ያስታውሳሉ። እንግዳ ሁሉ የራሽን ደብተሩን ለቤቱ ባለቤት ያስረክባል። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይወጣል፤ ዝናብ ቢሆንም ለምሳ ካልሆነ አይመለስም። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው የጨውና የቁንዶ በርበሬ ዕቃ ሳይቀር የሚያስከፍሉ ባለቤቶች ነበሩ። ኮሜዲያኖቹ እነዚህን የቤት ባለቤት ሴቶች ሲያነሱ አዳራሹ ለምን በሳቅ እንደሚፈርስ አሁን ገባኝ። ሰዉ ራሱ ከፍሎታል።

አባትየው ሆኖ የሚጫወተው ፍራንክ ራንድል ይባላል። የዊጋን አካባቢ ልጅ፣ በ1901 የተወለደ። ሥራ የጀመረው በአክሮባትነት ነው። ይህ በሰውነቱ ላይ ይታያል። ሲሰክር፣ ሲደናቀፍ፣ ሲያስነጥስ መላ አካሉ ይናገራል። መድረክ ላይ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ይሆናል፤ ለዚህም ጥርሱን እንዳስነቀለ ይነገራል። ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውጥቶ ወደ ተመልካቹ ይወረውር ነበር። ለንደን ብዙም አልተቀበለችውም። ብላክፑል ውስጥ ግን በጋ በመጣ ቁጥር አዳራሽ ይሞላል። የብላክፑል ፖሊስም ቀልድህ ነውር አለው እያለ ያስቸግረው ነበር፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም ተቀጥቷል።

ብሌክሊ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ነበር የሚቀርጸው? ይህን ሳነብ ነው የእማማ መልስ የገባኝ። የብሌክሊ ስክሪፕት አንዳንድ ገጽ ላይ አንድ አጭር ቃል ብቻ አለው፤ «ሥራ» እንደማለት ነው። ትርጉሙ፦ እዚህ ላይ ኮሜዲያኑ የሚያውቀውን ያድርግ። ያን ሰዓት ዳይሬክተሩ እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን በእርግጠኝነት አያውቅም። ሰውየው ሀያ ዓመት በየመድረኩ የሞረደውን ነገር ነው የሚያወጣው። ካሜራ እየተንቀሳቀሰ ቢከተለው ያመልጠዋል። እየቆራረጡ ቢያነሱት ቀልዱ የተሠራበት ትንፋሽ ይቆረጣል። ስለዚህ ካሜራው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ይጠብቃል። ድህነትም አለበት። ካሜራ ማንቀሳቀስ መብራት መቀየር ነው፤ መብራት መቀየር ሰዓት ነው፤ ሰዓት ገንዘብ ነው። ግን ድህነቱ ብቻ አይደለም። ብሌክሊ ተመልካቹ ለምን እንደከፈለ ያውቅ ነበር። ራንድልን ለማየት ነው የከፈለው። ከአዳራሹ መካከለኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያየው አድርጎ አሳየው።

ዘፈኖቹም እንደዚሁ ናቸው። መሃል ላይ ቆሞ የሚዘፍነው ጆሴፍ ሎክ ነው፤ ከሰሜን አየርላንድ፣ ከደሪ። የብላክፑል ሰው እንደ ራሱ ልጅ የሚያየው ድምፃዊ። እናትየዋን ሆና የምትጫወተው ቴሲ ኦሼ ትባላለች፤ የካርዲፍ ልጅ ናት። ባንጆ የመሰለች ትንሽ መሣሪያ እየመታች ትዘፍናለች፤ ስለ ውፍረቷ ራሷ ትቀልዳለች። የዚያን ዘመን የመድረክ ዝግጅት እንዲህ ነበር፦ ኮሜዲያን ይገባል፣ ድምፃዊ ይከተላል፣ ዳንሰኞች ይመጣሉ፣ ኮሜዲያኑ ይመለሳል። ፊልሙ ይህንኑ ነው የገለበጠው። ታሪክ የተጨመረበት እነሱን በአንድ ገመድ ለማሰር ያህል ነው። ፊልም በዓመት 30 ጊዜ የሚያይ፣ ጆሴፍ ሎክን ግን በአካል ለማየት የብላክፑልን ሳምንት የሚጠብቅ ሰው፣ በጥር ብርድ በርንሊ ላይ ድምፁን በዘጠኝ ፔኒ ሲያገኝ ታሪኩ ለምን ቆመ ብሎ አይጠይቅም።

ሁሉም ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የብሌክሊ ፊልሞች ይረዝማሉ። አንዳንዱ ቀልድ ከማለቁ በፊት ሳቁ ያልቃል። ሴቶችን የሚያሳዩበት መንገድ አንዳንዴ ያስከፋኛል። የለንደን ሐያሲዎች ሲያጣጥሏቸው የተናገሩት ሁሉ ውሸት አልነበረም። የምቃወመው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ፊልሞች «መሥራት ያቃተው ሰው ሥራ» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። የተሠሩት ለተወሰነ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ወዷቸዋል። በላንካሽር ሲኒማ ቤቶች የብሌክሊ ፊልም ዋና ፊልም ሆኖ ነበር የሚታየው፤ ከሆሊዉድ ጎን ለጎን።

ይህን ስጽፍ ልጅነቴ ይመጣብኛል። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ቴሌቪዥን ላይ የመጡ ቀን ባለ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ቤት እግር መርገጫ አይገኝም ነበር። እንግሊዛዊት የሥራ ባልደረባዬን አንዱን ቀልዳቸውን ልተርጉምላት ሞክሬ አውቃለሁ። እያንዳንዱን ቃል ነገርኳት። ፈገግ አለች፤ ለኔ ብላ። ከዚያ ቀን በኋላ ራንድል ሳይገባኝ በሱ ላይ መፍረድ አቆምኩ።

የስቱዲዮው ዕድሜ አጭር ነበር። ቴሌቪዥን መጣ። በ1953 ንግሥቲቱ ስትነግሥ ብዙ ቤተሰብ ዘውድ መድፋቱን ለማየት ቴሌቪዥን ገዛ ወይም ጎረቤት ሄደ። በዚያው ዓመት ራንድል የመጨረሻውን ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም ውስጥ ተዋናይዋ ዳያና ዶርስ አለች፤ ገና ወጣት። ከትሪኒዳድ የመጣችው ፒያኖ ተጫዋች ዊኒፍሬድ አትዌልም አለች። እሷ በዓመቱ በእንግሊዝ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሙዚቀኛ ሆነች። ጸሎት ቤቱን ቢቢሲ በ1954 ገዛው፤ ከለንደን ውጭ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ስቱዲዮው አደረገው። ራንድል በ1957 ብላክፑል ውስጥ ሞተ። ብሌክሊ በዓመቱ ተከተለው።

ጥር 1 ቀን 1964 «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የሚባለው ዝነኛ የሙዚቃ ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ከዚያ ጸሎት ቤት ነው። ሮሊንግ ስቶንስ እዚያ ቆመው ዘፍነዋል። እነ ራንድል ሲደናቀፉበት በነበረው ወለል ላይ። ሌላም አለ። በወሩ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ቢትልስ አሜሪካ ውስጥ በኤድ ሱሊቫን ዝግጅት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርቡ በዚያው ምሽት በዚያው መድረክ ላይ የቀረበች ሌላ ከብሪታንያ የመጣች ሴት ነበረች። ቴሲ ኦሼ ናት። ከ70 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ አይቷታል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ለረጅም ሰዓት ሳቁ። «የኛ ቴሲ!» አሉ።

ሕንፃው ዛሬ የለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቢቢሲ ወደ አዲስ ቤት ሲዛወር ፈርሷል። ፊልሞቹም ሁሉ አልተረፉም፤ አንዳንዶቹን የምናውቃቸው በተቆራረጠ ቅጂ ብቻ ነው።

ግን ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለ አንድ ማክሰኞ።

ያን ቀን የእማማ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ባትሪው አልቆ ነበር። አዲስ ባትሪ እስኪመጣ ምንም አይሰሙም። የማነጋግራቸው ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ነው። ዲቪዲ ክፈቺልኝ አሉ። ምን ያደርግላቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ ግን ከፈትኩ። ያን ቀን የመረጡት የ1950ውን ነው፤ «ኦቨር ዘ ጋርደን ዎል»፣ ከአጥሩ ማዶ። እሱም የተሠራው እዚያው ዲከንሰን ሮድ ላይ ነው። ኖርማን ኢቫንስ የሚባል የሮችዴል ሰው ሴት ሆኖ ይጫወታል። ፊልሙ ስሙን ያገኘው ከዝነኛው የመድረክ ትርኢቱ ነው። ጥርስ የሌላት አንዲት የሰፈር ሴት በግንቡ አጥር ላይ ተደግፋ ከማትታየው ጎረቤቷ ጋር ታወራለች። የቤቱን ጉድ፣ የመንገዱን ጉድ፣ የሁሉንም ሕመም።

እማማ ይስቁ ጀመር። ከኔ ቀድመው። እኔ ድምፁን እየሰማሁ ያልገባኝን እሳቸው ሳይሰሙ ይስቃሉ። መጀመሪያ በቃላቸው ያስታውሱታል ብዬ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጻፍኩላቸው፦ «በቃልዎ ያውቁታል?» አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው አመጡ።

ከዚያ ነገሩኝ። የሽመና ፋብሪካ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖች በአንድ አዳራሽ ይንጓጓሉ። አጠገብሽ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰሚውም። ስለዚህ ሸማኔዎቹ ድምፅ ማውጣቱን ተዉት። እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው አግዝፈው ይሠሩታል። በእጃቸውም ያግዛሉ። በአዳራሹ ዳርና ዳር ያሉ ሁለት ሴቶች እንደዚህ ሲያወሩ ይውላሉ። «ሚ-ማው» ይባላል። ብዙዎቹ በጫጫታው ብዛት ጆሯቸውን ያጡ ነበር። ልማዱ ቤትም ይከተላቸዋል። ስለ እርግዝና፣ ስለ ማሕፀን ሕመም፣ ልጅ እንዳይሰማው ስለሚፈለግ ነገር ሁሉ ድምፅ ይጠፋና ከንፈር ብቻ ይቀራል። ኖርማን ኢቫንስ ያንን ነው የሚያሳየው። ከብዙ ዓመት በኋላም ሌስ ዶሰን የሚባለው የማንቸስተር ኮሜዲያን ከሱ ወርሶ ቴሌቪዥን ላይ አምጥቶታል።

እማማ ያን ቋንቋ ከእናታቸው ጉልበት ሥር ሆነው ነው የተማሩት። ልጅ እንዳይሰማ የተባለውን ሁሉ ያነቡት ነበር።

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ካሜራው እንደ ወትሮው ቆሟል። ፊቱ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ሳይነቃነቅ። ቢንቀሳቀስ፣ ወደ ጎን ቢዞር፣ ለማሳመር ብሎ ወደ ሌላ ሰው ቢሸሽ፣ ቃሉ ያመልጣቸው ነበር። ከ70 ዓመት በፊት ርካሽ ስቱዲዮ ውስጥ የቆመ ካሜራ ምንም የማይሰሙትን ሴት እያስቃቸው ነው። ድምፁን ዘጋሁት። አብሬያቸው እንደሳቸው አየሁ። አንድም ቃል አልያዝኩም፤ ግን ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቂት ያስተምሩኛል። ሻይ። ዝናብ። ጎረቤት። አፌን በደንብ እንድከፍት ይቆጡኛል፤ አማርኛ ተናጋሪ አፉን ይቆጥባል መሰለኝ።

በዚያው ማክሰኞ ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሆኜ ዞር ስል መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ድሮም እጃቸውን ያውለበልባሉ። ያን ቀን ግን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰፋ ብሎ። የምላሳቸው ጫፍ በጥርሳቸው መሃል ብቅ አለ። «ተርስዴይ።» ሐሙስ ማለታቸው ነው፤ የምመለስበት ቀን። መኪና እያለፈ ነበር። ድምፅ ሳላወጣ፣ አፌን ከፍቼ፣ ሐሙስ አልኳቸው።